እሑድ ጠዋትን ባዶ ተዉት፦ የአንድ አጭር ፊልም ፌስቲቫል የመዝጊያ ቀናት በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ባዘጋጀነው አነስተኛ የአጭር ፊልም ፌስቲቫል የእኔ ድርሻ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት፣ ማለትም ዓርብን፣ ቅዳሜንና እሑድን መምራት ነበር። ስለ መክፈቻው ሁሉም ይጨነቃል፤ ጥሪው፣ ባነሩ፣ ንግግሩና የክብር እንግዳው ከወራት በፊት ይታሰብባቸዋል። ስለ መዝጊያው የሚነሣው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሽልማቱን ማን ይሰጣል?» የሚለው ብቻ ነው። እኔም ሥራውን ስረከብ ከዚያ የበለጠ አላሰብሁም ነበር። ይህን የምጽፈው በጎንደር፣ በደሴ፣ በሐዋሳ ወይም በሌላ ከተማ በትንሽ ገንዘብና በብዙ ፍላጎት ተመሳሳይ ነገር ለማዘጋጀት የሚነሡ ወጣቶች፣ እኛ ዘግይተን የተማርነውን አስቀድመው ይዘው እንዲነሡ ስለምፈልግ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለው የመጨረሻውን ቀን ጠዋት በፕሮግራም አትሙሉት ነው። እኛ ለእሑድ ጠዋት የካሜራ ሥልጠና ይዘን ነበር። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ መምጣት እንደማይችል ሐሙስ ማታ ደውሎ ሲነግረኝ በጣም አዘንሁ፤ ሰዓቱን በሌላ ነገር ለመሙላትም እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ለማውቀው ሰው ሁሉ ስደውል አመሸሁ። ማንንም አላገኘሁም። ሳይሞላ የቀረው ያ ጠዋት ግን ፌስቲቫሉን ያዳነ ጠዋት ሆነ።

ፌስቲቫሉን ያደረግነው በኅዳር ሁለተኛ አጋማሽ ነበር። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ በጥምቀት ሰሞን የሚመጣው እንግዳ ደግሞ ገና የሆቴሉን ዋጋ አላስወደደውም፤ ስለዚህ በወሩ ምርጫ አልተሳሳትንም። ልብ ሳንለው የቀረነው ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን መግባቱን ነው። ለመዝጊያው ምሽት ካዘዝነው ምግብ ግማሹ የፍስክ ነበር። ዓርብ ጠዋት ምግቡን ከምታዘጋጅልን ሴት ጋር ሒሳብ ስንተሳሰብ «ይህን ሁሉ ሥጋ ማን ሊበላላችሁ ነው?» ብላ ባትጠይቀን ኖሮ ገንዘባችን ባክኖ ይቀር ነበር። ትእዛዙን ወደ ምስር፣ ሽሮና አትክልት ለወጥነው፤ የጾም ምግብ ለሙስሊም እንግዶቻችንም ያለ ጥያቄ የሚበላ ስለሆነ ለሁሉም ተስማማ። ቀን ስትቆርጡ ጾሙንም በዓሉንም አብራችሁ እዩ፤ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም የምትከበርበት ቀን ላይ የውድድር ፊልም ብታሳዩ ግማሹ ተመልካች ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሌላው አስቀድመን የወሰንነውና በኋላ የጠቀመን ነገር የፊልሞቹ ርዝመት ነው። የአሜሪካው የፊልም አካዳሚ አጭር ፊልም የሚለው በመጨረሻ የሚወጣውን የስም ዝርዝር ጨምሮ 40 ደቂቃና ከዚያ በታች የሆነውን ነው፤ ብዙ ፌስቲቫሎችም ከዚህ ያነሰ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። እኛ 20 ደቂቃ ላይ ወሰንን። ያን ጊዜ ያሰብነው ብዙ ፊልም ለማሳየት እንዲመቸን ብቻ ነበር። ሆኖም አንድ ፊልም ተበላሽቶ እንደገና መታየት ሲኖርበት 20 ደቂቃ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ 40 ደቂቃ ማግኘት ግን የሌላውን ሰው ሰዓት መውሰድ ይሆናል።

የተበላሸውም ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የመጨረሻው የውድድር ክፍል አምስት ፊልሞች ነበሩት፤ አራተኛው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የምትማር አንዲት ወጣት የሠራችው የ14 ደቂቃ ፊልም ነው። የደንገል ታንኳ ስለሚሠሩ አንድ ሽማግሌና ስለ ልጅ ልጃቸው ይተርካል። ሽማግሌው ታጭዶ የደረቀውን ደንገል በጉልበታቸው እየተጫኑ ያስራሉ፣ እያሰሩም ልጅቷን ያነጋግሯታል፤ እርሷ ከተማ ልትገባ እንደሆነ መናገር ፈልጋ አፏ ላይ ይቀርባታል። ፊልሙ ተጀመረ። ውኃው ዳር ሲመታ ይሰማል፣ ደንገሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፣ ከሩቅ ዋሽንት ይሰማል፤ የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን የለም። ፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሜ ሳይ ሆን ተብሎ የተደረገ መሰለኝ። አዳራሹም እንደዚያው ተቀበለው፤ ጸጥ ብሎ አየ፣ ሲያልቅም ከልቡ አጨበጨበ። ከዳኞቹ አንዱም፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ንግግርን በዝምታ የተካ ደፋር ሥራ መሆኑን በማስታወሻቸው ላይ ጽፈው ነበር።

መብራቱ ሲበራ ልጅቷ እየሮጠች ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የኔ ፊልም አይደለም» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ስላልገባኝ ፋይል የተሳሳትን መስሎኝ ወደ ላፕቶፑ ዞርሁ። «ፋይሉስ እሱ ነው፤ አያቴ አልተናገሩም። አንድ ቃል አልተሰማም» አለች፤ ድምፅዋ ተቆረጠ። ዝም ብትል ኖሮ ማንም አያውቅባትም ነበር፤ እንዲያውም ዝምታው ሊያሸልማት ይችል ነበር። ይህን እርሷም ታውቅ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ፊልሙ የተቀናበረው «አምስት ነጥብ አንድ» በሚባለው የድምፅ አሠራር ነበር። በዚህ አሠራር ድምፁ በስድስት ቻናሎች ይከፈላል፤ ሙዚቃና የአካባቢ ድምፅ በግራ፣ በቀኝና በኋላ ይሄዳል፣ የሰዎች ንግግር ግን በአብዛኛው በመካከለኛው ቻናል ብቻ ይቀመጣል። የአዳራሹ ሲስተም የሚያወጣው ግራንና ቀኝን ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው ማጫወቻም ስድስቱን ወደ ሁለት እንዲያዋህድ አልተስተካከለም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌው የተናገሩት ሁሉ መውጫ በሌለው መስመር ላይ ቀረ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ከእኛም የእኔ ነው፣ ሙከራውን ያደረግሁት እኔ ነኝና። እያንዳንዱን ፊልም ማለዳ ላይ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ከመጀመሪያው ከፍቼ ምስሉ መውጣቱንና ድምፅ መኖሩን አይ ነበር። የዚህ ፊልም የመጀመሪያ ሠላሳ ሰከንድ ደግሞ ውኃ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱን ፊልም በሦስት ቦታ እፈትሻለሁ፦ ከመጀመሪያው፣ ሰው ከሚነጋገርበት ከመካከሉና ከመጨረሻው፤ ይህንንም የማደርገው በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን ተመልካቹ በሚሰማበት ስፒከር፣ አዳራሹ መካከል ተቀምጬ ነው። በመመዝገቢያው ቅጽ ላይም ድምፁ በሁለት ቻናል፣ ማለትም በስቴሪዮ ተዘጋጅቶ እንዲላክ በግልጽ መጻፍ ይገባል። ለፊልም ሠሪው ብዙ ድካም አይሆንበትም፤ ማቀናበሪያው ላይ ሲያወጣው ስቴሪዮ የሚለውን መምረጥ ነው። ልብ በሉ፣ አንዱ ፊልም ጮክ ብሎ ሌላው ሹክ የሚል ከሆነም ያ ሙከራ ይነግራችኋል፤ ለየፊልሙ ሚክሰሩ የቱ ላይ መቆም እንዳለበት በወረቀት ጽፋችሁ ማጫወቻው አጠገብ ለጥፉት።

ከፋይል ጋር የተያያዙ ሌሎች ሁለት ችግሮችም ነበሩብን፤ በአጭሩ ልለፋቸው። ከአዊ በአዊኛ ተሠርቶ በአማርኛ የትርጉም ጽሑፍ የመጣ ፊልም ላይ ጽሑፉ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆኖ ወጣ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ዛሬም በቆዩት የግዕዝ መጻፊያዎች የሚተይብ ሰው አለ፤ በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ አይነበብም። የትርጉም ጽሑፉ ለብቻው በፋይል ሳይሆን ምስሉ ላይ ታትሞ እንዲመጣ ብትጠይቁ ነገሩ ያልቃል። ሁለተኛው ደግሞ ፍላሹ ፋይሉን አልቀበልም ማለቱ ነው፤ «ፋት 32» በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይዝም፤ ፍላሹን «ኤክስፋት» በሚባለው ማዘጋጀት ይገባል።

መብራት ዓርብ ማታ ሁለት ጊዜ ሄደ። ጄኔሬተር ተከራይተን ስለነበር ተመልካቹ ብዙም አልጠበቀም፤ እኔን ያሳሰበኝ ፕሮጀክተሩ ነው። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ሲሠራ እጅግ ይግላል፣ ከጠፋ በኋላም ማራገቢያው ለደቂቃዎች ዞሮ ሊያቀዘቅዘው ይገባል፤ መብራቱ ድርግም ሲል ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል፣ አምፖሉም በግለቱ ይጎዳል። የአዳራሹን ኤሌክትሪክ ለዓመታት የያዙት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ባለሙያ ይህን ስለሚያውቁ ፕሮጀክተሩን ለብቻው ከአንድ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ከሚሰጥ ባትሪ ጋር አገናኝተውት ነበር። «ዩፒኤሱ ፊልም ለመጨረስ አይደለም፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ እንዲተነፍስ ነው እንጂ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው በየአዳራሹ አለ፤ በደብዳቤ ላይ ስሙ አይጠራም፣ ግን እርሱን ሳያማክር ኬብል የሚዘረጋ አዘጋጅ ይሳሳታል። የጄኔሬተሩን ነዳጅም ራሳችሁ ግዙ፤ «አለ» ሲሏችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከዳኞቹ ጋር ተቀመጥን። ሦስት ናቸው፤ ቁጥራቸው ጎዶሎ መሆኑ ለድምፅ ብልጫ ይጠቅማል። በከተማችን ፊልም የሚሠራና ፊልም የሚዳኝ ሰው የሚተዋወቅ በመሆኑ፣ የተማሪው ወይም የዘመዱ ሥራ የቀረበ ዳኛ በዚያ ፊልም ላይ እንዳይናገርም ውጤት እንዳይሰጥም ከመጀመሪያው ተስማምተን ነበር፤ አንዱ ዳኛ በሁለት ፊልሞች ላይ ከክፍሉ ወጥተው ሻይ ሲጠጡ ቆዩ። ነጥብን በተመለከተ ግን ስሕተት ሠርተን ነበር። እያንዳንዳቸው ከአሥር ነጥብ እንዲሰጡና ድምሩ አሸናፊውን እንዲለይ አስበን ነበር። ወረቀቶቹን ስንደምር አንድ ፊልም ከሦስቱም ሰባት ሰባት አግኝቶ 21 ሆነ፤ ሌላው ከሁለቱ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ከሦስተኛው ሁለት አግኝቶ 20 ሆነ። ሦስቱም ቢሆኑ የመጀመሪያው ፊልም ከሁለተኛው ይበልጣል ብለው አያምኑም ነበር። ማንንም ያላስቀየመ ማንንም ሳያስደንቅ ሊያሸንፍ መሆኑን ያን ጊዜ አየን። ስለዚህ ነጥቡን ከብዙዎቹ ስምንቱን ለመለየት ብቻ ተጠቀምንበት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውይይት ነው፤ ውይይቱም አራት ሰዓት ፈጀ። ለዳኞች የምትመድቡት ጊዜ ከምሳ በፊት ያለች አንዲት ሰዓት ከሆነች፣ የሚወስኑት ረሃቡና ችኮላው እንጂ ዳኞቹ አይደሉም።

የልጅቷን ጉዳይ ያነሣሁት በዚህ ውይይት መጀመሪያ ላይ ነው። ዝምታውን ያደነቁት ዳኛ መጀመሪያ አልተቀበሉኝም፤ «እኛ ያየነውን አይተናል፤ አዳራሽ ውስጥ የታየው ነው የሚዳኘው» አሉ። ሌላዋ ዳኛ ደግሞ «የምንዳኘው የእርሷን ሥራ ነው ወይስ የእኛን ስፒከር?» ብለው ጠየቁ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ እንደገና ማሳየት ለሌሎቹ ያልተሰጠ ዕድል መስጠት ነው የሚለው ሐሳብም ክብደት ነበረው። በመጨረሻ ችግሩ የአዘጋጁ ከሆነ እንደገና ይታያል፣ ችግሩ በአዘጋጆቹ ሳይሆን በፊልም ሠሪው ሥራ ውስጥ ያለ ከሆነ አይታይም በሚለው ተስማማን፤ ይህንንም በወረቀት ጽፈን ሦስቱም ፈረሙበት። ይህ ደንብ ከፌስቲቫሉ በፊት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የማንም ፊት ሳይታይ ይወሰን ነበር። ዳኞቹ የቀሩትን ጨርሰው የመጨረሻውን ቃላቸውን እሑድ ፊልሙን እስኪያዩ ድረስ አቆዩት። መቼ ይታያል ሲሉኝ፣ ማንም ያልፈለገውን የእሑድ ጠዋት አስታወስሁ።

ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር፣ ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ ጠይቀን ባገኘነው ሥፍራ፣ ከውድድር ውጭ የሆኑ ፊልሞችን በነፃ አሳየን። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ሆኖም ምስሉ ደህና ሆኖ የሚታየው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ «12 ሰዓት ይጀምራል» ብላችሁ ሰውን አትጥሩ። ጣና ላይ ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ሲመሽ ይለዝባል፣ ሌሊቱን ደግሞ ከየብስ ወደ ውኃው ይዞራል። ሸራውን ከሰዓት በኋላ ስንወጥረው እንደ ጀልባ ሸራ ተነፍቶ ገመዱን ሊበጥስ ደርሶ ነበር። ማዕዘኖቹን በገመድ አጥብቆ ከማሰር ይልቅ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ማሰር ይሻላል፤ ነፋሱ ሲመጣ ይሰጣል፣ ሲሄድ ይመለሳል። ያላሰብነው ግን ትንኙን ነው። ፕሮጀክተሩ እንደበራ ከውኃው ዳር የተነሣ ትንኝ ሌንሱን ከበበው፣ እያንዳንዷም ሸራው ላይ የአሞራ ያህል ጥላ ጣለች። ከፕሮጀክተሩ ራቅ አድርገን ወደ ውኃው በኩል አንድ ኃይለኛ አምፖል ብንሰቅል አብዛኛው ወደዚያ ሄደ። ሰዉ በጊዜ ቤቱ መግባት ስለሚፈልግና ባጃጅም እየመሸ ሲሄድ ስለሚጠፋ 2 ሰዓት ላይ ጨረስን፤ ከዚያ በፊትም እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት የሚታየውን ፊልምና ምክንያቱን በማይክሮፎን ተናገርሁ። ስሕተታችንን በብዙ ሰው ፊት መናገሩ ከብዶኝ ነበር። ሰዉ ግን አጨበጨበ። ተመልካቹ ከሄደ በኋላ ሣሩ ላይ የቀረውን ሃይላንድ ሁሉ በእጅ ባትሪ ለቅመን በጆንያ ሞላን፤ ሐይቁ ዳር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ለነገ ማሳደር የለበትም፤ ሌሊቱን ነፋሱ ወደ ውኃው ነውና።

የምስክር ወረቀቶቹን በተመለከተ አንድ ደስ ያለኝ ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ቀድሞ ይታተማል፣ ስሙም ይሳሳታል። በአማርኛ የስም ፊደል ቀልድ አይደለም፤ በ«ፀሐይ» እና በ«ጸሐይ»፣ በ«ኃይሉ» እና በ«ሀይሉ» መካከል ያለውን ልዩነት ባለስሙ ያውቃል፤ ያየው ሁሉ እየደጋገመ ስሙን ያበላሸበት ሰውም በሽልማቱ ቀን እንኳ ተስተካክሎ ቢያየው ደስ ይለዋል። እኛ በምዝገባው ቅጽ ላይ እያንዳንዱ ሰው ስሙን እስከ አያቱ በእጁ እንዲጽፍ ጠይቀን ነበር። ወረቀቱን ያሳተምነው የስሙን ቦታ ባዶ ትተን ነው፤ ስሙን የሞላልን ቁም ጽሕፈት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የተማረ አንድ ጓደኛችን ሲሆን፣ ቅዳሜ ሌሊት የቅጾቹን ፊደል አንድ በአንድ እያየ በጥቁርና በቀይ ቀለም ጻፈው። ወረቀቱን የተቀበሉት ልጆች ከዋንጫው ይልቅ እርሱን ሲያዩ ቆሙ። የአሸናፊዎቹን ደግሞ እሑድ 6 ሰዓት ላይ ውጤቱ እንደደረሰን ጻፈልን፤ ማተሚያ ቤት ይህን በእሑድ ቀን አያደርግላችሁም።

እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ስልሳ አይሞላም። ከቅዳሴ በቀጥታ የመጡ እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ዳኞቹ እንደተለመደው ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ ከኋላ በኩል ደግሞ በሕይወታቸው ታንኳ ሲሠሩ የኖሩት፣ ፊልሙ ላይ የሠሩት ሽማግሌ ራሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከልጅቷ ጎን ነበሩ። ዓርብ ዕለት ሥራ ስለነበረባቸው አልመጡም። ፋይሉን በስቴሪዮ አውጥታ አምጥታለች፤ እኔም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ የሽማግሌው ድምፅ አዳራሹን ሞላው፦ «እርጥቡን ካሰርሽው ራሱንም አይሸከም። ይድረቅ፤ አትቸኩዪ።» ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብለው «እንዲህ ነው የምናገረው?» ሲሉ አጠገባቸው የነበርን ሁላችን ሰማን። እውነትም ፊልሙ ዓርብ ካየነው ፊልም የተለየ ነበር። ዓርብ ያየነው የሐዘን ፊልም ነው፤ ይህ ግን ሽማግሌው ልጅቷ እንደምትሄድ ቀድመው ያወቁበት፣ ስለ ደንገሉ እያስመሰሉ የሚመርቋት ፊልም ነበር።

ይህ ፊልም ከሦስቱ ሽልማቶች አንዱንም አላገኘም። ዝምታውን የወደዱት ዳኛ ያለ ንግግሩ ይበልጥ ወድጄው ነበር ማለታቸውን አልሸሸጉም፤ ሌሎቹም ከእርሱ የሚበልጡ ናቸው ያሏቸውን መረጡ። ልጅቷ ይህን በሰማች ጊዜ ምን ልትል እንደምትችል ፈርቼ ነበር። «ሲሰሙት አይቻለሁ» ብላ ሽማግሌውን ወደ መናኸሪያ ልትሸኝ ወጣች። ትክክለኛውን ነገር ስናደርግ ለእርሷ ሽልማት ያመጣላታል ብዬ በልቤ ተስፋ አድርጌ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ አለማምጣቱ ግን ያደረግነውን ነገር ትክክለኛነት አልቀነሰውም።

የተመልካች ምርጫ ሽልማትን በሚመለከት ግን ጠንቀቅ በሉ። ድምፅ የተሰጠው ትኬቱ ጠርዝ ላይ ከአንድ እስከ አምስት የተጻፈውን ቁጥር በመቅደድ ነው፤ እስክሪብቶ አያስፈልገውም፣ በጨለማም ይሠራል። ቁጥሩን በድምር ብንወስደው ኖሮ ቤተ ዘመዱን በሙሉ ይዞ የመጣው ሰው ያሸንፍ ነበር፤ ስለዚህ ድምሩን ለመራጮቹ ብዛት አካፍለን አማካዩን ወሰድን። በድጋሚ የታየው ፊልምም የዓርቡ ድምፁ ተሰርዞ የእሑዱ ብቻ ተቆጠረለት። ቆጠራው ሁለት ሰው፣ ሁለት ጊዜ፣ በተለያየ ክፍል ውስጥ የሚያደርገው ሥራ ነው።

የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት 9 ሰዓት ተብሎ ተጠርቶ 10 ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ተጀመረ፤ የክብር እንግዳ እየጠበቅን ነው። ደግሜ ባዘጋጅ አልጠብቅም፤ ከገጠር የመጣ ወላጅ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ነበርና። ሁለተኛው ስሕተታችን አንደኛ የወጣውን ፊልም ለመጨረሻ ማስቀረታችን ነው። ሽልማቱ እንደተሰጠ ሰዉ ፎቶ ለመነሣት ወጣ፣ ያሸነፈው ፊልም ለግማሽ አዳራሽ ታየ። አሸናፊው ሲጠራ መብራቱ ወዲያው ጠፍቶ ፊልሙ ቢታይ፣ ዋንጫውን ከዚያ በኋላ ቢቀበል ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በእጃችሁ የሌለ ገንዘብ በመድረክ ላይ አትናገሩ። አንድ ስፖንሰር ቃል የገባልን ለሁለተኛ ደረጃ የሚሆን ገንዘብ እስከ እሑድ አልገባም ነበር፤ የመድረክ መሪያችን ግን ወረቀቱ ላይ ስለነበር አነበበው። ያን ገንዘብ ለልጁ ያደረስነው ከራሳችን አዋጥተን፣ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ሰኞ ዕለት አብዛኛው አዘጋጅ ይተኛል፤ ሥራው ግን አላለቀም። ፊልሞቹን ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤቶች፣ ለማሳየት ካሰባችሁ ፈቃዱን በጽሑፍ የምትወስዱት ባለቤቶቹ ገና ከከተማው ሳይወጡ ነው፤ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን በሕዝብ ፊት የማሳየት መብት የባለሥራው ነው፣ ለፌስቲቫሉ የሰጣችሁ ፈቃድም ከፌስቲቫሉ ጋር ያበቃል። ፊልሙ ውስጥ ያለው ዘፈን ያለ ፈቃድ የገባ መሆኑ የታወቀው በዚሁ ጊዜ የሆነበት አንድ ልጅም ነበር፤ ሥራው ከፌስቲቫላችን አልፎ ሌላ ቦታ መወዳደር የማይችለው በዚያ ምክንያት እንደሆነ ሳስረዳው ከዳኝነቱ በፊት ብንጠይቀው ይሻል እንደነበር ተሰማኝ። ብዙዎቹ ልጆች ፊልማቸውን በማግስቱ ዩቲዩብ ላይ ለመጫን ይቸኩላሉ፤ በይፋ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ፊልም የማይቀበሉ ፌስቲቫሎች ስላሉ ሌላ ቦታ ለመወዳደር የሚያስብ ሰው እንዲቆይ ምከሩት።

ከዚያ ሃርድ ዲስኩና ፍላሹ ይመለሳል። እያንዳንዱ ሲመጣ ቁጥር ተለጥፎበት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ባለቤቱ ሲወስድ ይፈርማል፣ ላፕቶፓችን ላይ ያለው ቅጂም እፊቱ ይጠፋል። ልጅቷ ሰኞ 3 ሰዓት ላይ መጣች። ዲስኳን ከመውሰዷ በፊት አብረን ቁጭ ብለን የድሮውን ፋይል ከፈትነውና መካከለኛውን ቻናል ለብቻው አዳመጥነው፤ ውኃ የለ፣ ዋሽንት የለ፣ የሽማግሌው ድምፅ ብቻውን። እንዴት እንደሚፈተሽ አሳየኋት፣ እርሷም ደብተሯ ላይ ጻፈችው፣ ፈረመችና ሄደች። ሁለት ፍላሾች እስካሁን ባለቤት አላገኙም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፣ በቅጹ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም። ቅጽ ስታዘጋጁ የአንድ ሰው ሁለት ስልክ ያዙ።